ስለ አክስቴ፣ ስለ አርአያው ባሏና ስለ ኋላው በር፦ ለፍራሽ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የፍራሽ ፋብሪካው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከ፦ የጠርዝ ሰፊዋ የእህት ልጅ
አድራሻ፦ አልጽፍም። ረስቼው እንዳልሆነ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ሲደርሱ ይገባዎታል።

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወገብዎ እንደምን አለ? እርስዎ የሰው ሁሉ ወገብ የሚያሳስብዎ ሰው ስለሆኑ የእርስዎን ወገብ የሚጠይቅልዎ እንዳይጠፋ ሰጋሁ። እንቅልፍዎን ግን አልጠይቅም፤ ከምሳ በኋላ በቢሮዎ በር አጠገብ ያለፈ ሠራተኛ ሁሉ ሰላማዊ መሆኑን በገዛ ጆሮው አረጋግጧል። እኛ በበኩላችን ከሐሳብ በቀር የጎደለን ነገር አልነበረም፤ እሱንም ቢሆን ፋብሪካዎ በየሳምንቱ እየላከልን ስለሆነ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

እኔ በቤታችን «ምላሳሟ» እየተባልኩ የምጠራ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ መሃል እየገባሁ አስቸግራለሁ ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ትልልቆቹ መሃሉን ባዶ ባይተዉት ኖሮ እኔ በየት በኩል እገባ ነበር?

አክስቴ በፋብሪካዎ የፍራሽ ጠርዝ የምትሰፋ ሠራተኛ ናት። ጠርዝ ማለት፣ ቢሮ ለሚውል ሰው ላስረዳና፣ ደህና ሲሆን ማንም ልብ የማይለው፣ ሲተረተር ግን የውስጡ ስፖንጅ በሙሉ ተዘርግፎ የሚወጣበት ቦታ ነው። ምናልባት በመልክ ላያስታውሷት ስለሚችሉ ምልክት ልስጥዎ፤ ባሏን የሸለሙላት ሴት ናት።

ያ ባል ይመታታል። በአጭሩ የጻፍኩት ረጅሙን የምታውቀው እሷ ስለሆነች ነው። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ቤቱን ትታለት እኛ ዘንድ፣ በእኔ ክፍል፣ በእኔው አልጋ ላይ ከእኔ ጋር ታድራለች። በእንቅልፍ ልቧ የብርድ ልብሱን ጠርዝ እያጠፈች ስለምታድር አንድ ቀን ጠዋት ዙሪያዬን ተሰፍቼ እንዳልገኝ እሰጋለሁ እንጂ በመምጣቷ ደስተኛ ነኝ። ቀና ብላ እንድትሄድ ያደረጋት አንድ ነገር ቢኖር ሥራዋ ነው። ሥራዋ ካለ ነገ የራሷን ክፍል ትከራያለች፤ ሥራዋ ከሌለ ግን «አርፈሽ ወደ ባልሽ ተመለሽ» ለሚሏት ሁሉ የምትመልሰው ታጣለች። እናንተ ደግሞ የፊታችን ሰኞ ጠዋት ከሥራ ልታሰናብቷት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠርታችኋል። ስለዚህ ሰኞ ሳይደርስ፣ እስከ ዛሬ የዋላችሁላትን ውለታ ሁሉ በተራ ቁጥር ላመሰግን ተነሣሁ።

1ኛ. ስለ ሽልማቱ። ባልየው ጠዋት ስትገባና ማታ ስትወጣ ከፋብሪካው በር ጠፍቶ እንደማያውቅ፣ በመሃልም ለስልክ ተቀባይዋ እየደወለ «ገብታለች? ምሳ ከማን ጋር በላች? ምን አሳቃት?» እያለ ይጠይቅ እንደነበር ማሽኖቹ ሳይቀሩ ያውቃሉ። በሌላ ቦታ ሰው እንዲህ ሲጠበቅ እስረኛ ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ግን ስሙ ፍቅር ሆነና፣ አምና በሠራተኞች የቤተሰብ ቀን «አርአያ ባል» የሚል የምስክር ወረቀት ከአንድ ግዙፍ ትራስ ጋር አበረከቱለት። እኔም ኬክ ልበላ መጥቼ ስለነበር ንግግርዎን በአካል የመስማት ዕድል ገጥሞኛል። «እንዲህ የሚጨነቅላት ባል እያላት ምን ጎደላት!» ብለው አዳራሹን በጭብጨባ አናወጡት። አክስቴም አጨብጭባለች፤ አንድ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ስለነበር በሌላው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ምን ሆነሽ ነው ላሏት ሁሉ «በሩ ነው» አለች። እንዲያ ቤቱን እየዞረ ሰው የሚያሳድድ በር ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም። ባልየው ትራሱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ የተነሣው ፎቶ እስከ ዛሬ በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አክስቴ በየጠዋቱ ስትገባ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያያታል። ቤት ውስጥ ያለው እንዳይበቃት ተጨማሪ ማዘጋጀታችሁ ልባችንን ነክቶታል።

2ኛ. ስለ ምክርዎ። አክስቴ ከቤቱ እንደወጣች ቢሮዎ ድረስ መጥታ ፈረቃዋን እንዲለውጡላት፣ በኋላው በር እንድትወጣ እንዲፈቅዱላት፣ ስልክ ተቀባይዋም ለባሏ ወሬዋን እንዳትነግረው እንዲያዙላት ለመነችዎ። ይህን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ከመስታወት ፊት ቆማ እንደተለማመደች እኔ አውቃለሁ፤ መስታወቱ የእኔ ነውና። እርስዎም መነጽርዎን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁና «እህቴ፣ ይሄ እኮ የቤት ጉዳይ ነው። ፋብሪካ ሰው ቤት ውስጥ አይገባም» አሏት። በዚያችው ቅጽበት በመስኮትዎ በኩል የፋብሪካው የጭነት መኪና፣ ጎኑ ላይ «የቤትዎ ጉዳይ የእኛ ጉዳይ ነው!» የሚለውን ቀይ ጽሑፍ እንደተሸከመ አለፈ። አክስቴ ሳቋ አመለጣት። «አየሽ፣ መሳቅ ጀመርሽ፤ ይበርዳል» ብለው ሸኟት።

የቋንቋ ውጤቴ መጥፎ ስላልሆነ «የቤት ጉዳይ» የሚለው ቃል እናንተ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ላጣራ ብዬ ሠራተኞቹን ጠያየቅሁ። ባለቤትዎ የሳሎን መጋረጃ ሲለውጡ ሰፊዎች በሥራ ሰዓት ወደ ቤትዎ መላካቸው የቤት ጉዳይ እንዳልሆነ ተረዳሁ። የልጅዎ ሠርግ ሲደርስ የማሸጊያ ክፍሉ በሙሉ ወንበር ሲደረድር መዋሉም የቤት ጉዳይ አይደለም። አማትዎ «ያ ሰውዬ አለ?» እያሉ በዋናው በር ብቅ ባሉ ቁጥር እርስዎ በኋላው በር ከነመኪናዎ ሹልክ ማለትዎ ደግሞ ጨርሶ የቤት ጉዳይ አይደለም፤ ስልክ ተቀባይዋ ዓይኗን ሳታሽ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትልለት ከባድ የሥራ ጉዳይ ነው። ከዚህ ሁሉ የገባኝ የኋላው በር ሰውን ከቤተሰቡ በማስመለጥ በኩል በቂ ልምድ ያካበተ መሆኑን፣ ስልክ ተቀባይዋም ሥልጠና የማያስፈልጋት መሆኑን ነው። አክስቴ የጠየቀችው እርስዎ በነጻ የሚያገኙትን አገልግሎት ብቻ ነበር። በእውነቱ ከእርስዎ ይልቅ ለእሷ ይገባት ነበር፤ አማትዎ ቢይዙዎ ቢበዛ «ምነው ከሳህ?» ይሉዎታል እንጂ ሌላ ምን ያደርጉዎታል?

ሠራተኞቹ እርስዎ በሌሉበት «ጋሽ ስፖንጅ» እንደሚሉዎ የሰማሁት በዚሁ አጋጣሚ ነው። ክፋት ያለበት እንዳይመስልዎ። ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ሲለቁት እንደነበረው ይሆናል ማለታቸው ነው። አክስቴ እያወራችዎ ሳለ በእውነት ጎድጉደው እንደነበር ራሷ መስክራልዎታለች፤ በሩን ዘግታ እስክትወጣ ድረስ።

3ኛ. ስለ ሽምግልናው። ሰው ቤት ውስጥ አንገባም ያሉት እርስዎ፣ ከሳምንት በኋላ ሐሳብዎን ለውጠው ከነጫማዎ ገቡ። አክስቴን ሳይጠይቁ ባልየውን በስልክ አስጠሩት፤ ሂሳብ ሹሙንና የመጋዘን ኃላፊውን ሽማግሌ አድርገው ሰየሙ፤ ሌላ ቦታ ስለጠፋ ሁሉንም በሠርቶ ማሳያው ክፍል ለሽያጭ በተነጠፉት ፍራሾች ላይ አስቀመጧቸው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ አጋጣሚ ለፍራሾቹ ልስላሴ ያለኝን አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ። ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ ሰጠሙ። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ተገናኘ። ሂሳብ ሹሙ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» የሚለውን ተረት በሁለት ጉልበቶቹ መካከል አጮልቆ እያየ ተረተ፤ የመጋዘን ኃላፊው ደግሞ ሊመክር ቀና ባለ ቁጥር ስፖንጁ መልሶ ስለሚውጠው የምክሩ መጨረሻ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ባልየው አለቀሰ። አክስቴ እንደምትለው እንባው እውነተኛ ነው፤ ችግሩ እንባው የሚወርደው ሰው ፊት፣ እጁ የሚነሣው ደግሞ ሰው በሌለበት መሆኑ ነው። እርስዎ ግን ልብዎ ራርቶ አቀፉት፤ ለእሷም «አንቺም እስቲ ትንሽ ምላስሽን ሰብሰብ» አሏት። በቤታችን ምላስ ያለኝ እኔ መሆኔን ባለማወቅዎ የሆነ ስለሆነ ይቅር ብዬዎታለሁ።

በዚያው ቀን ግን አንድ ደግ ነገር አድርገው ነበር፤ ማታ መውጣቷ ቀርቶ ከሰዓት በኋላ እንድትወጣ ፈረቃዋን ለወጡላት። ለዚህ ያለ ምንም ቀልድ ላመሰግንዎ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ወረቀቱን ሳልጨርስ ወሬው ደረሰኝ፤ ባልየውን እስከ በር ሲሸኙት ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትወጣው፤ ተረጋግተህ ጠብቃት» ብለው አዲሱን ሰዓት አስጨብጠውታል። ድመትን «አይጢቱ አሁን በወዲያኛው ቀዳዳ ነው የምትወጣው፤ ተረጋግተሽ ጠብቂያት» ብሎ የሚሸኝ ሰው በተረት እንኳ ሰምቼ አላውቅም። ባልየውም አክባሪዎ ነውና ምክርዎን ሰማ፤ በማግሥቱ ልክ በሰዓቱ ተረጋግቶ ጠበቃት። አድራሻችንን ከላይ ያልጻፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ የሚያውቁትን እሱ አያውቀውም ብዬ በምን አምናለሁ?

4ኛ. ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤው። በዚያ ቀን በሩ ላይ የሆነውን እንዳልተርክልዎ ሁላችሁም በየመስኮቱ ነበራችሁ። ቦርሳዋን ቀማት፤ በክንዷ ይዞ ጎተታት። ዘበኛው ከግድግዳው ፎቶ የተነሣ ሰውየው «አርአያው ባል» መሆኑን ስለሚያውቅ በአክብሮት እጅ ነሥቶ አሳለፋቸው። ያስጣሏት የጠርዝ ክፍል ሴቶች ናቸው፤ አንደኛዋ ከሥራዋ ተነሥታ ስትሮጥ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ማስቀመጥ ረስታ ስለነበር ባልየው አስቸኳይ ጉዳይ እንዳለበት ድንገት ትዝ አለውና ሄደ። አክስቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ሥራ አልገባችም፤ ሐኪም ቤት፣ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ስትመላለስ ነበር። ስትመለስ ማሽኗ ላይ ደብዳቤ ተቀምጦ ጠበቃት። «የግል ጉዳይን ወደ ሥራ ቦታ በማምጣት፣ የሥራ ሰላምን በማደፍረስና ያለ ፈቃድ በመቅረት» ይላል።

«በማምጣት» የምትለው ቃል እጅግ ደነቀችኝ። አክስቴ ባሏን በምሳ ዕቃ ቋጥራ ያመጣችው ነው የሚመስለው። ማን እንዳመጣው፣ ማን ሰዓቱን እንደነገረው፣ ማንስ ትከሻውን መታ መታ እንዳደረገ የረሱ እንደሆነ ግን ተራ ቁጥር ሦስትን መልሰው ቢያነቡ አይከፋም።

5ኛ. አምስተኛውን አክስቴ ሰርዛዋለች። «ይሄ ስድብ ነው» አለችኝ። ስድብ ሳይሆን ንጽጽር መሆኑን ላስረዳት ብሞክርም አልሆነልኝም። ንጽጽሩ ከአንድ ትዕግሥተኛ የጭነት እንስሳ ጋር ነበር። የቀረውን ግን ሁሉንም አንብባ ፈቅዳለች። በዚህ በኩል እኔና እርስዎ እንለያያለን፤ እኔ ስለ እሷ ለሰው ከማውራቴ በፊት እሷን ጠይቄያለሁ።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል ስለ እኛ ቤት ትልልቆችም ልናገር፤ ከእርስዎ ብዙም አይሻሉም። ታላቅ አጎቴ «ቻይው» ሲላት፣ አያቴ «ቻይው የእኔ ልጅ» ስትላት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በየተራ «ቻይው» ሲላት እየሰማሁ ስላደግሁ በልጅነቴ ስሟ እሱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት «አክስቴ ቻይው፣ ነይ ምሳ ቀርቧል!» ብዬ ስጠራት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። በመጨረሻ «በቃሽ» ያለቻት እናቴ ናት። «ቻይው» ሦስት ፊደል ነው፤ «በቃሽ»ም ሦስት ፊደል ነው። ሆኖም ሁለተኛውን ለመማር ቤተሰባችን በሙሉ ስንት ክፍል እንደደገመ አይጠይቁኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በዚህ ከቋጨሁ ዘንድ፣ ልጅ ነች ብለው ካልናቁኝ ጥቂት ላስቸግርዎ። የሰኞውን ስብሰባ ይሰርዙት። ሐኪም ቤትና ፍርድ ቤት የዋለችባቸው ቀናት ፈቃድ ተብለው ይያዙላት፤ ሽርሽር እንዳልሄደች በየመስኮቱ የነበራችሁ ሁሉ ምስክር ናችሁ። ፈረቃዋን እሷና የቅርብ አለቃዋ ብቻ ይወቁት። በኋላው በር ትውጣ፤ ከጓደኞቿም አንዷ እስከ ታክሲው ትሸኛት። ባልየው ሲደውል ስልክ ተቀባይዋ «ስብሰባ ላይ ናት» ትበለው፤ በፍራሽ ሥራ ታሪክ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ የምትውል የመጀመሪያዋ ጠርዝ ሰፊ ትሁንና ይለይለት። ፎቶው ከእንግዳ መቀበያው ይውረድና ወደ ዘበኛው ቤት ይዛወር፤ ከሥሩም «አርአያ ባል» የሚለው ተሰርዞ «የማያስገቡት» ተብሎ ይጻፍበት። ሽምግልና የሚባል ነገር ካልጠየቀችዎ በቀር አይጥሩላት።

አንድ ሰው ደግሞ ይሹሙ። ተረት የማያበዛ፣ የሰማውን እስከ በር ሸኝቶ ለሌላ የማይሰጥ፣ ሠራተኛ መጥታ «በሩ ነው» ስትለው «የትኛው በር?» ብሎ በቀስታ የሚጠይቅ ሰው። እንዲህ የምለው ለአክስቴ ብቻ አይደለም። የበሩ ላይ ሁከት ከሆነ ወዲህ ከማሸጊያ ክፍል ሁለት ሴቶች በየግላቸው መጥተው፣ እነሱም ቤት እንደዚያ ያለ በር እንዳለ ነግረዋታል። ሁለቱም ለእርስዎ ሊነግሩ አስበው ነበር፤ በአክስቴ የደረሰውን ካዩ በኋላ ግን ትተውታል።

ይህን ሁሉ ዛሬ የምጽፈው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ነው። አክስቴ አንድ ነገር ብትሆን ፎቶዋን በጥቁር ሪባን አስጊጠው እንደሚሰቅሉላት፣ ሠራተኛውን ሰብስበውም ሰው የሚያስለቅስ ንግግር እንደሚያደርጉላት ቅንጣት አልጠራጠርም። የእርስዎን ንግግር ግን አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለዕድሜዬ ይበቃኛል። አክስቴ የምትፈልገው ሰኞ ጠዋት ማሽኗ ፊት ተቀምጣ ክሯን በመርፌው ማሾለክ ብቻ ነው።

አንድ ልጅ ለታላቁ ሊያጎነብስ ከሚችለው በላይ አጎንብሼ፣ ነገር ግን ከሥር ሆኜ ቀና ብዬ እያየሁዎ፣

አክባሪዎ፣
የጠርዝ ሰፊዋ የእህት ልጅ

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ሹሙና ለመጋዘን ኃላፊው
ለስልክ ተቀባይዋ
በፋብሪካው አጥር ላይ የተለጠፈ ነገር ሳያነብ ማለፍ ለማይችል መንገደኛ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት የደረሳት የኮሚቴው መጥሪያ «ከቤተሰቧ አንድ ሽማግሌ ይዛ እንድትቀርብ» ይላል። እኛም ታዝዘን ሽማግሌ ለመምረጥ ተሰበሰብን። ታላቅ አጎቴን ድንገት ጉልበቱን አመመው። የአጎቴ አማች ቀጠሮ እንዳለው ተናገረ፤ ቀጠሮው ከማን ጋር እንደሆነ ግን ገና አልወሰነም። ጡረተኛው ጎረቤታችን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሰላምታ እንዳላቸውና ያንን ማበላሸት እንደማይፈልግ ገለጸ። አክስቴ ሁሉንም በየተራ አየቻቸውና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የምመጣው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ጢም የለኝም፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ።